የቴሌግራም ግሩፕ ግምገማ፦ መልሱ በደቂቃ ይመጣል፣ በሳምንቱ ይጠፋል

«ሰላም ቤተሰብ፣ ጫጩቶቼ ደም የቀላቀለ ኩስ እየጣሉ ነው፣ ምን ይሻላል?» ሁለት ሦስት ሺህ ሰው ባለበት የዶሮ አርቢዎች የቴሌግራም ግሩፕ ይህ ጥያቄ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ፣ የእንስሳት መድኃኒት ቤቱ ሁሉ ከተዘጋ በኋላ ቢለጠፍ፣ አራት ሰዓት ሳይሞላ መልስ ማግኘቱ የተለመደ ነው። መላሹን የሚያውቀው የለም፤ የስሙ ቦታ አበባ አለ፣ ፎቶው የመኪና ነው። ቢሆንም ይመልሳል። እዚህ ቴሌግራምን የምንመዝነው ለዘመድ ወሬና ለዜና ቻናል አይደለም፤ ዶሮ፣ ቪትዝ፣ ንብ ወይም የሞባይል ጥገና ብቻ የሚያገናኛቸው የማይተዋወቁ ሰዎች የሚጫወቱበት ቤት አድርገን ነው። ለመጠየቅ ከሆነ የሚስተካከለው የለም። የተመለሰውን ለማስቀመጥ ግን ደካማ ነው፤ በአማርኛ ሲሆን ደግሞ ይብሳል።

ከጥንካሬው እንጀምር። አንድ ግሩፕ እስከ 200,000 ሰው ይይዛል፤ ዋትስአፕ 1,024 ላይ ይቆማል። ከቁጥሩ ይልቅ የሚጠቅመው ግን ስልክ ቁጥርን ደብቆ በዩዘርኔም ብቻ ማውራት መቻሉ ነው። ይፋዊ ግሩፕ ከሆነ ዛሬ የገባ ሰው ከሦስት ዓመት በፊት የተባለውንም ወደ ላይ እየሳበ ያነባል። በግል ግሩፕ ይህ በአድሚኑ እጅ ነው፤ «ቻት ሂስትሪ» የሚለውን «ቪዝብል» ካላደረገው አዲስ ገቢው ባዶ ቤት ነው የሚገባው፣ የተጠየቀውንም መልሶ ይጠይቃል። እስከ 2 ጊጋባይት የሚደርስ ፋይል መላክ ስለሚቻል የመኪና ማኑዋልና የስልክ ሶፍትዌር ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው እዚህ ነው።

ከማያውቁት ሰው ጋር ከመነጋገር በፊት የሚስተካከሉ ነገሮች አሉ። ሴቲንግስ፣ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ፣ ፎን ነምበር ግቡና «ኖባዲ» በሉ። ይህን ስትመርጡ ከሥሩ «በቁጥሬ ማን ያግኘኝ» የሚል ሁለተኛ ምርጫ ይመጣል፤ ብዙ ሰው ሳያየው ያልፋል። «ኤቭሪባዲ» ላይ ከተተወ፣ ቁጥራችሁን ስልኩ ላይ የመዘገበ ሁሉ አካውንታችሁን ያገኛል፤ የመሥሪያ ቤት አለቃም፣ የድሮ ደንበኛም። «ማይ ኮንታክትስ» አድርጉት። ከግሩፕ ያገኛችሁትን ሻጭ ኮንታክት ውስጥ ስታስገቡ ደግሞ «ሼር ማይ ፎን ነምበር» የሚለው ሳጥን ምልክት ካለበት አንሱት። «ግሩፕስ ኤንድ ቻናልስ» የሚለውንም «ማይ ኮንታክትስ» ካላደረጋችሁት፣ ባንድ ጠዋት ሳትጠየቁ ስድስት የክሪፕቶ ግሩፕ ውስጥ ራሳችሁን ታገኛላችሁ። ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን ላይ የይለፍ ቃል አስገቡ፤ ያለ እሱ አካውንቱን የሚጠብቀው በኤስኤምኤስ ወይም በአፑ የሚመጣው ኮድ ብቻ ነው፣ ኮዱን ደግሞ «በስህተት ወዳንተ ተልኮብኛል» ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም።

ፎቶ ላይም አንድ ወጥመድ አለ። ፎቶ እንደ ፎቶ ሲላክ ይጨመቃል፣ ውስጡ የተቀመጠው የቦታ መረጃም ይወገዳል። «እንደ ፋይል» ሲላክ ግን ሙሉ ጥራቱን ይዞ ይሄዳል፤ ካሜራው ጂፒኤስ የሚመዘግብ ከሆነ የቤታችሁን አቅጣጫም አብሮ ይዞ ነው የሚሄደው። የማዘርቦርድ ቁጥር ለማስነበብ ፋይል ያስፈልግ ይሆናል፤ ያኔ ካሜራው ላይ ሎኬሽን አጥፍቶ ማንሳት ነው። ዩዘርኔም ጭምብል እንጂ ግድግዳ እንዳልሆነም ይታወቅ፦ የግሩፕ ወሬ ከጫፍ ጫፍ (ከላኪና ከተቀባይ በቀር ማንም እንዳያነበው) የተመሰጠረ አይደለም፣ በጽሑፍ ወሬ ያ ለሲክሬት ቻት ብቻ ነው። ከመስከረም 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮም ኩባንያው ሕግ የጣሰን ሰው ስልክ ቁጥርና አይፒ አድራሻ ሕጋዊ ጥያቄ ሲቀርብለት እንደሚሰጥ አስታውቋል።

አሁን ወደ ጫጩቶቹ። ያ ጥያቄ መልስ ያገኛል ብለናል፤ ችግሩ ብዙ መልስ ማግኘቱ ነው። አንዱ «ኦክሲቴትራሳይክሊን ስጣቸው» ይላል፣ ሌላው ነጭ ሽንኩርት ያዛል፣ ሦስተኛው «ፈንግል ነው፣ አለቀልህ» ብሎ ይወጣል። ሦስቱም የሚገምቱት ጥያቄው ባዶ ስለሆነ ነው። ደም የቀላቀለ ኩስ ከ3 እስከ 6 ሳምንት ባለ ጫጩት ላይ፣ ጉዝጓዙም እርጥብ ከሆነ፣ መጀመሪያ የሚያስጠረጥረው ኮክሲዲዮሲስ ነው። ይህ የሚመጣው ከጥገኛ ተሕዋስ ስለሆነ ለባክቴሪያ የተሠራው ኦክሲቴትራሳይክሊን አይፈውሰውም። ፈንግል ደግሞ ቫይረስ ነው፤ አረንጓዴ ተቅማጥ፣ የአንገት መጠማዘዝና የትንፋሽ ችግር ያመጣል፣ ክትባት እንጂ ፈዋሽ መድኃኒት የለውም። ማን ትክክል እንደሆነ ለመለየት የጫጩቶቹን ዕድሜ በሳምንት፣ ብዛታቸውን፣ ስንቱ እንደታመመና ስንቱ እንደሞተ፣ ዝርያቸውን (ሳሶ? ቦቫንስ?)፣ የወሰዱትን ክትባት፣ መኖ ወይም ጉዝጓዝ መቼ እንደተቀየረ፣ በቀን ብርሃን የተነሳ የኩስ ፎቶም መጻፍና መለጠፍ ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ በስድስት መስመር ያልቃል። የስድስት መስመር ጥያቄ የሚስበው መላሽም ሌላ ነው፤ ሙያውን የሚያውቀው ሰው ባዶ ጥያቄን አይቶ ያልፋል፣ የተሟላውን ግን ሳይመልስ መተው ያቅተዋል።

ሰላምታችን ረጅም ነው፤ ያ ክፋት የለውም። «ሰላም እንዴት አመሻችሁ» ብሎ ልኮ፣ «ጥያቄ ነበረኝ» ብሎ ልኮ፣ መልስ ጠብቆ ከዚያ መጠየቅ ግን ሁለት ሺህ ስልክ ሦስት ጊዜ ማስጮህ ነው። ሰላምታውና ጥያቄው በአንድ መልእክት ይሁን። አማርኛ ሌላም ጣጣ አለው፦ ግሡ ራሱ ጾታ ያስመርጣል። «ሀኒ» የሚባል አባል ወንድም ሴትም ሊሆን ይችላል፤ «ሞክረው» ብለው የመለሱለት ሰው «ሴት ነኝ» ሲል ወሬው ከዶሮ ወደ ይቅርታ ይዞራል። «እርስዎ» ማለት ጎልማሳውንም ወጣቱንም አያስቀይምም፤ ወይም እንደ ሐኪም ማዘዣ «ይሰጣል፣ ይቀየራል» ብሎ መጻፍ ነው።

አሁን ወደ ትልቁ ድክመት፣ ወደ ፍለጋው። የቴሌግራም ፍለጋ ቃልን የሚያዛምደው ከመነሻው ነው። «ፈንግ» ብትሉት «ፈንግል»ን ያመጣል፤ ከቃሉ ፊት አንድ ፊደል ከተቀጠለ ግን አያየውም። እንግሊዝኛ ቅጥያውን በአብዛኛው ከኋላ ስለሚያስከትል ብዙ አይጎዳም። አማርኛ ግን መስተዋድዱን ከፊት ይለጥፋል። «ፈንግል» ብሎ የፈለገ «የፈንግል ክትባት»፣ «ለፈንግል ምን ይሰጣል»፣ «በፈንግል አለቁብኝ» የተባለውን ሁሉ ያጣል። ስለዚህ አንዴ ቃሉን ብቻውን፣ ከዚያ «የ»፣ «ለ»፣ «በ»፣ «ከ» እያስቀደሙ አምስት ጊዜ መፈለግ ግድ ነው። በዚያ ላይ ሞክሼ ፊደላቱ አሉ፦ «ሐኪም» እና «ሀኪም»፣ «ሕክምና» እና «ህክምና» ለአንባቢ አንድ ናቸው፣ ለማሽኑ ግን አይተዋወቁም። ግማሹ አባል ደግሞ አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የሚጽፈው፤ የፈንግልን ስም ብቻ ሦስት ዓይነት አድርጎ። የቀረው በቮይስ ይናገራል። የሦስት ደቂቃ ቮይስ ውስጥ የተሰጠ ግሩም መልስ ለሰሚዎቹ ቅንጦት ነው፣ ለፍለጋው ግን የለም።

መፍትሔው ሃሽታግ ነው፤ በግዕዝ ፊደልም ይሠራል። #ፈንግል፣ #ጉምቦሮ፣ #መኖ_ቅልቅል። በቃላቱ መካከል ክፍተት ከገባ ይቆረጣል፣ ስለዚህ ከሥር የምትሰመረው መስመር ታስፈልጋለች። የሚሠራው ግን አድሚኑ አንድ አጻጻፍ መርጦ ዝርዝሩን ፒን ካደረገ (ከግሩፑ አናት ላይ ከሰካ) ብቻ ነው፤ አንዱ #ህክምና ሌላው #ሕክምና ካለ ተመልሰን እዚያው ነን። ቮይስ የሚልክ ሰው ከሥሩ አንድ መስመር ጽሑፍና አንድ ሃሽታግ ቢያክል የግሩፑ ግማሽ ችግር ይቃለላል።

የአድሚኑ ድርሻ እዚህ ላይ ይለያል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 የመጣው ቶፒክስ አንዱን ግሩፕ በውስጡ ክፍል ክፍል ያደርገዋል፦ በሽታ፣ መኖ፣ ገበያ፣ ጨዋታ። ለዚህ አገልግሎት ቴሌግራም ከሠራቸው ነገሮች ሁሉ ምርጡ ይመስለናል፣ አጠቃቀሙ ግን ይበላሻል። አሥራ አምስት ክፍል የከፈተ አድሚን አሥራ ሁለት ባዶ ክፍል ያገኛል፤ አራት አምስት ይበቃል። «ጀነራል» የሚለው ክፍል አይሰረዝም፣ መደበቅ ግን ይቻላል፤ ካልተደበቀ ሰው ሁሉ እዚያ ይጠይቃል። ስሎው ሞድ አንድ ሰው በስንት ጊዜ አንዴ መጻፍ እንደሚችል ይወስናል፣ እስከ 1 ሰዓት ድረስ። በገበያ ለሚሞላ ግሩፕ ጥሩ ነው። በጥያቄና መልስ ሰዓት ግን 5 ደቂቃ ሲሆን እንኳ ውይይቱን ይገድላል፤ ሐኪሙ «ስንት ሳምንታቸው ነው?» ብሎ ጠይቆ መልሱ ሲመጣ መናገር አይችልም። 30 ሰከንድ በቂ ነው። ማን ምን እንደሰረዘ ለማየት «ሪሰንት አክሽንስ» አለ፣ የሚያሳየው ግን ያለፈውን 48 ሰዓት ብቻ ነው፤ ጠብ የተነሳ ዕለት ካልታየ ቆይቶ ማስረጃ አይገኝም።

ስለ ገበያ ክፍሉ አንድ ነገር፦ «ዋጋ በኢንቦክስ» የሚለው ልማድ ግሩፕን ያመነምናል። አርባ ሰው ያንኑ ጥያቄ ለየብቻ ይጠይቃል፣ መልሱ አንድም ጊዜ በአደባባይ አይጻፍም፣ ያለፈው ወር ዋጋ ስንት እንደነበር የሚያሳይ ምንም አይቀርም። ዋጋ የሌለው ማስታወቂያ ይሰረዛል ብሎ የደነገገ አድሚን ሻጭ አያጣም፤ ደላላ ግን ሊቀንስበት ይችላል።

ማጭበርበሩም በብዛት የሚፈጸመው ኢንቦክስ ነው። ጥያቄ እንደለጠፋችሁ የአድሚኑን ፎቶና ስም የያዘ ሰው በግል ይጽፍላችኋል፣ ዕቃ አለኝ ቅድሚያ ክፈል ይላል። ስምና ፎቶ ማንም ይገለብጣል፤ ዩዘርኔም ግን ሁለት ሰው አይይዘውም። ስለዚህ አስመሳዩ ትንሿን ኤል በትልቁ አይ ይተካታል፣ ለዓይን አንድ ናቸው። የጻፈላችሁን ዩዘርኔም ከማንበብ ይልቅ ግሩፑ ውስጥ ገብታችሁ፣ ከስሙ ጎን «አድሚን» የሚል ምልክት ያለበትን መልእክት ነክታችሁ ከዚያ ቻት ክፈቱ፤ የሚከፈተው ሌላ ባዶ ቻት ከሆነ የጻፈላችሁ ሌላ ሰው ነው። ሻጭ ከሆናችሁ ደግሞ የቴሌብር ወይም የባንክ ስክሪንሾት ክፍያ አይደለም፣ ሥዕል ነው። ቀሪ ሂሳባችሁን በራሳችሁ ስልክ ሳታዩ ዕቃ አትስጡ።

መዘጋትም አለ። በየካቲት 2015 ዓ.ም. ቴሌግራም ከፌስቡክና ከቲክቶክ ጋር ኢትዮጵያ ውስጥ ተዘግቶ ለወራት ቆይቶ ነበር። አፑ ውስጥ የፕሮክሲ፣ ማለትም በሌላ ሰርቨር በኩል ዞሮ የመግቢያ፣ ቦታ አለ (ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ፣ ፕሮክሲ)፤ ሊንኩን አስቀድሞ ማስቀመጥ ይጠቅማል፣ ከተዘጋ በኋላ ሊንኩ የሚገኘው ያው የተዘጋው ቦታ ውስጥ ነውና። ፕሮክሲውን ስትከፍቱ ከቻት ዝርዝሩ አናት ላይ የማታውቁት ቻናል ቢታይ አትደንግጡ፣ የፕሮክሲው ባለቤት ማስታወቂያ ነው፤ ፕሮክሲው ሲጠፋ ይጠፋል።

ለፍለጋው የተሻለው መፍትሔ የሚገኘው ከስልኩ ውጭ ነው። ኮምፒውተር ላይ ቴሌግራም ዴስክቶፕን ጭናችሁ፣ ግሩፑን ከፍታችሁ፣ ሦስቱን ነጥብ ነክታችሁ «ኤክስፖርት ቻት ሂስትሪ» በሉ። ፎቶና ቪዲዮውን አትምረጡ፣ ጽሑፉ ብቻ ከሆነ ብዙ ዳታ አይበላም። የፋይሉን ዓይነት ኤችቲኤምኤል (እንደ ድረ ገጽ የሚከፈት) ካደረጋችሁት ለማንበብ ይመቻል፣ ትልቅ ግሩፕ ግን ብዙ ገጽ ሆኖ ይከፋፈላል፤ ጄሰን ካደረጋችሁት አንድ ፋይል ስለሚሆን ባንዴ ይፈለግበታል። በጽሑፍ ማረሚያ ከፍታችሁ ኮንትሮል ኤፍ ተጫኑና «ፈንግል» ብላችሁ ጻፉ። ይሄኛው ፍለጋ ቃሉ መሃል ያለውንም ያያል፤ «የፈንግል»ም «ለፈንግል»ም «ፈንግሉን»ም ተሰልፈው ይመጣሉ። አድሚኑ የይዘት ጥበቃ (መልእክት እንዳይቀዳና ወደ ሌላ እንዳይላክ የሚከለክለውን) ካበራ ኤክስፖርቱ አይፈቀድም፤ የዶሮ በሽታ መልስ ለሚከማችበት ግሩፕ ደግሞ የይዘት ጥበቃ የሚበራበት ምክንያት አይታየንም።