ቆርኪ ለምታክል ክብ 25 ሺህ ብር

ለጥምቀት አገር ቤት ገብቼ ነበር፤ 2017 ዓ.ም.፣ ሦስት ሳምንት። በረራው ደህና፣ ሆቴሉ ደህና፣ ክትፎው ከደህናም በላይ፤ ስለነሱ የምጨምረው የለኝም። ይህን የምጽፈው ክንዴ ላይ ስላለው ንቅሳት ነው። ብዙዎቻችሁ «አያቴ አንገት ላይ የነበረውን እኔም ልነቀሰው» የሚል ሐሳብ በሆዳችሁ ይዛችሁ እንደምትገቡ አውቃለሁ፤ እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አብረውኝ ከሚሠሩት እንኳ ሁለቱ ለፋሲካ እያሰቡ ነው። ከመሄዳችሁ በፊት የኔን ስሙ።

ያሳደገችኝ አያቴ ነች፤ እማማ ነው የምላት። የጎንደር፣ የደምቢያ ሰው ነበረች። ከአገጯ ሥር እስከ አንገቷ ግርጌ አምስት ረድፍ ንቅሳት ዞሯት ነበር፤ መሐል ጉሮሮዋ ላይ ደግሞ ዙሪያዋን ጨረር የሚመስል ጭረት ያወጣች ክብ፣ በክቧ ውስጥ መስቀል። ማታ አጠገቧ ተኝቼ ረድፎቹን በጣቴ እቆጥር ነበር፤ አምስተኛው ላይ ሳልደርስ እንቅልፍ ይጥለኛል። ስታርፍ አሜሪካ ነበርኩ። ወረቀቴ ስላላለቀ አልቀበርኳትም። ስለዚህ ነገሩ ለኔ ጌጥ ብቻ አልነበረም።

እናቴን ሳማክራት ኦሪት ዘሌዋውያንን ጠቀሰችልኝ። «ታዲያ እማማስ? ግንባሯ ላይ ሳይቀር መስቀል ነበራት» ስላት «የነሱ ሌላ ነው» ብላ ስልኩን ለአባቴ ሰጠችው። የኛ ደብር ውስጥ ኢየሩሳሌም ተሳልመው ክንዳቸው ላይ መስቀልና ዓመተ ምሕረት አስነቅሰው የመጡ እናት አሉ፤ እሳቸውን ማንም ምንም አላላቸውም። እኔም ጉዳዩን በዚሁ ዘጋሁት።

ታቱ ቤቱ ቦሌ አካባቢ ነው፤ ስሙን አልጠራም። ሥራቸውን ቴሌግራም ላይ አይቼ ገና ከአሜሪካ ሳልነሳ ተጻጻፍን። የእማማን ፎቶ ላክሁ። አምስቱም ረድፍ ከነክቧ ክንዴን ዞሮ፣ ከሥሩ «የእማማ ልጅ» የሚል ጽሑፍ፤ ሁሉም በ18 ሺህ ብር ተባባልን። የአክስቴ ልጅ 5 ሺህ ቀብድ በቴሌብር ላከልኝ።

ቀጠሮዬ ጠዋት አራት ሰዓት ነበር። ለአራት ሩብ ጉዳይ ላይ በሩ ላይ ነበርኩ፤ የሰው አገር ያስለመደኝ በሽታ ነው። የምታስተናግደው ልጅ ስለ ነቃሹ ስጠይቃት «እየመጣ ነው» አለችኝ። አራት ተኩል ላይም «እየመጣ ነው»። አምስት ተኩል ላይ «መንገድ ተቆፍሮ ነው፣ ኮሪደር»። ስድስት ሰዓት ላይ ስልኩ ጥሪ አይቀበልም። ስምንት ሰዓት ሊሆን ሲል ማኪያቶውን በእጁ እንደያዘ ገባ። ይቅርታ የሚባል ነገር የለም፤ «እንኳን ደህና መጣሽ እህቴ! ዲያስፖራ ነሽ አይደል?» ብቻ። ማሽኑን አዘጋጅቶ ሳይጨርስ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተር ነበራቸው፤ ነዳጅ አልነበረውም።

መብራቱን ስንጠብቅ ካታሎግ ሰጠኝ። «ትራይባል ከፈለግሽ፣ ይሄ ንጹህ የኦሞ ነው» አለና ትከሻ ላይ የሚጠመዘዝ ወፍራም ጥቁር ሥዕል አሳየኝ። የማዎሪዎች ነው! ኒውዚላንድ! ፊታቸው ላይ የሚነቀሱት ሞኮ የየሰውየው የዘር ሐረግ የሚነበብበት መሆኑን ሰምቼ ስለማውቅ ክው አልኩ። የሰው አያት ቅድመ አያት ከካታሎግ ላይ ተቆርጦ ቦሌ ይሸጣል። ኦሞ አካባቢ ያሉት ሙርሲዎችና ሱርማዎች ደግሞ ቆዳቸውን በጥተው በጠባሳው ነው የሚያጌጡት፤ በቀለም መነቀስ ውስጥ የሉበትም፤ በጠቆረ ቆዳ ላይ ጥቁር ቀለም ምን ሊታይ! ይህን ስለው «ፈረንጆቹ ይወዱታል» አለኝ። እውነቱን ነው መሰለኝ፣ ግድግዳው ላይ ሞልቷል።

መብራቱ አሥር ሰዓት ላይ መጣ፤ ከመብራቱ ጋር ሒሳቡም መጣ። 18 ሺው «የእጅ ዋጋ» ሆኖ ተገኘ። ዲዛይን 6 ሺህ። የኔኑ ፎቶ በወረቀት ስለገለበጠ! መርፌና ጓንት 3 ሺህ። «ለኛ ቆዳ የሚሆን ልዩ ቀለም» 4 ሺህ። ድምር 31 ሺህ። «በዶላር ከሆነ ግን 250 ይበቃል» አለኝ ፈገግ ብሎ፣ ውለታ የዋለልኝ ይመስል። ቀብዱስ ስለው «ቀብዱ የቦታ ነው፣ ከዚህ ጋር አይገናኝም» አለ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ አልኩ በልቤ። (ይህችን ተረት ያዙልኝ።)

እዚህ ሜሪላንድ ታቱ ቤት ስትገቡ ቀብዱ ከዋጋው ላይ ይቀነሳል፣ ዋጋው ሳይቆረጥ መርፌ አይነሳም። ለነገሩ የነሱም ቲፕ ያንገበግባል፤ ቢሆንም ቲፕ እንደሚጠብቁ እያወቅሁ ነው የምገባው። እኔን ያናደደኝ ብሩ ብቻ አይደለም። አገሬ ገብቼ፣ በገዛ ቋንቋዬ ተነጋግሬ፣ ላብ አጥምቆኝ በማታ ፈረቃ ያጠራቀምኩትን እንደ ሎተሪ የደረሰኝ አድርጎ ማየቱ ነው። «እናንተ ጋ እኮ የአንድ ቀን ነው» ይላል። የአንድ ቀን! የቤት ኪራዬን አያውቅ።

ተነስቼ መውጣት ነበረብኝ። ግን 5 ሺህ ብሬ እዚያ ነው፣ ቀኔ አልቋል፣ በነጋታው ጎንደር በራሪ ነኝ። ስንከራከር ቆየንና እኔ ራሴ ያመጣሁት መፍትሔ ነው የጎዳኝ፦ «እሺ፣ አምስቱ ረድፍ ይቅር። ክቧንና ጽሑፉን ብቻ ሥራልኝ።» 20 ሺህ ተስማማን፤ ከቀብዱ ጋር 25 ሺህ። ክቧ ቆርኪ ብታክል ነው። እንዲያውም አበረታታኝ፤ «ብልህ ነሽ፣ ዋናዋ እሷ ነች። ጸሐይ ነች። የንግሥና ምልክት ነች» አለኝ። ደስ አለኝ ብል አትፍረዱብኝ። የደምቢያ ገበሬ ልጅ የነገሥታት ምልክት አንገቷ ላይ ይዛ ኖራለች ብላችሁ አስቡት።

ወረቀቱን ክንዴ ላይ ሲለጥፈው ጽሑፉ «የእማማ ልጂ» ይላል። ጂ! አስቆምኩት። «ጎንደሮች እንዲህ አይደል የምትሉት?» አለኝ፤ ለማሾፉ ይሁን ለእውነቱ ዛሬም አልገባኝም። በግዕዝ ፊደል የምትነቀሱ ሁሉ፣ ወረቀቱ ክንዳችሁ ላይ ሳለ ፊደል በፊደል አንብቡት፤ ለሰውም አስነብቡ። ማሽኑ ከተነሳ በኋላ ጂ ጅ አይሆንም።

እኔ ነርስ ስለሆንኩ በዚህ በኩል ልመስክርለት፤ መርፌው እሽግ ነበር፣ ፊቴ ነው የቀደደው፣ ጓንቱንም ሁለት ጊዜ ቀይሯል። በንጽሕናው አልከሰውም። እጁ ግን ይከብዳል፤ መርፌውን አጥልቆት መስመሮቹ ከቆዳዬ ሥር ፈሰው ወፍረዋል። መስቀሏ አሁን ከሩቅ ስትታይ መስቀል አትመስልም።

ጎንደር በሦስተኛው ቀን ጥምቀት ሆነ። ፋሲል መዋኛ ውሃው ሲረጭ ሰው ሁሉ ወደ በረከቱ ሲጋፋ እኔ ክንዴን በፌስታል ጠቅልዬ ወደ ኋላ እሸሻለሁ። ያልዳነ ንቅሳት የመዋኛ ውሃ እንዳይነካው ለበሽተኛ የማስተምር እኔ ነኛ። ከጎኔ የነበሩ እናት «ምን ሆነሽ ነው የኔ ልጅ፣ ተቃጥለሽ ነው?» ብለው አዘኑልኝ። አዎ አልኳቸው። እንደዚያም ተጠንቅቄ ማታውን ክንዴ አብጦ አደረ። አዘዞ አንዲት ትንሽ ፋርማሲ አለች፤ ባለሙያዋ ክንዴን አገላብጣ አየችና «ኢንፌክሽን አይደለም፣ አትንኪው፣ በሳሙና እጠቢው» አለችኝ። መድኃኒት ልትሸጥልኝ ስትችል አልሸጠችልኝም። ስንት ነው ስላት ሳቀችብኝ። ከጉዞዬ ሁሉ ምርጡ አገልግሎት ይኸው ነበር።

ደምቢያ ድረስ ለመውረድ ዘመዶቼ መንገዱ አያስተማምንም ብለው ከለከሉኝ። የእማማ ታናሽ እህት ግን አዘዞ ልጃቸው ጋ ናቸው፤ እኛ ቤት ትንሿ እማማ ነው የምንላቸው። ከእማማ የቀሩኝ እሳቸው ናቸው። ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ እጅጌዬን ሰብስቤ ክንዴን ዘረጋሁላቸው። እንዲያለቅሱ ጠብቄ ነበር፤ እኔ አስቀድሜ ዓይኔ እንባ ሞልቷል።

ክንዴን ወደ ብርሃኑ አዙረው አዩት። ከዚያ «ምነው አንች፣ ክንድሽ ላይ እንቅርት ወጣብሽ እንዴ?» አሉኝ።

ልጃቸው ጀበናውን ልትጥል ነበር ከሳቅ ብዛት።

ነገሩ እንዲህ ነው። እማማ በልጅነቷ እንቅርት ወጣባት። ያኔ ሐኪም የት አለ፤ ነቃሿ ተጠራችና እብጠቱ ላይ ክቧን ነቀሰችላት፤ መስቀሏም እንዲያጠፋላት ነው። «ክቧ መድኃኒት ነች፤ ጌጡስ መስመሩ ነው። መስመሩን ሲድሯት ነው የተነቀሰችው» አሉኝ። አራት አምስት መርፌ በክር ታስሮ፣ የኩራዝ ጥላሸት ተበጥብጦ፣ ሁለት ሴቶች ትከሻዋን ይዘው። ነቃሿ የተከፈለችው እህል ነው። ዶሮም ተጨምሮላታል፣ የእማማ አባት ለጋስ ስለነበሩ። ትንሿ እማማ ራሳቸው አንገታቸው ባዶ ነው፤ «እኔ እንቅርት አልነበረብኝ፣ ለጌጡም ፈራሁ» አሉ፤ ግን ከንፈራቸውን ገለብ አድርገው ውቅራታቸውን አሳዩኝ፣ እንደ ቀለም ጠርሙስ የጠቆረ ድድ፣ ላዩ ላይ የቀሩት ሦስት ጥርሶች ነጭ ሆነው። «ከዚህ ላይ ግን አልፈራሁም!» ብለው ሳቁ።

እኔ ነርስ ነኝ አልኳችሁ። እንቅርት ከአዮዲን እጥረት እንደሚመጣ፣ ደጋው አፈር ዝናብ እያጠበው አዮዲን እንደሚያጣ ተምሬ ተፈትኜበታለሁ፤ ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት ደንብ የወጣው በ2003 ዓ.ም. መሆኑንም አውቃለሁ። ታዲያ እማማ በሐሩርም ነጠላዋን እስከ አገጯ የምትጠቀልለው፣ እንጀራን በትንንሽ ጉርሻ የምትውጠው፣ በጣቴ ረድፎቹን ስቆጥር መሐሉ ላይ ሲደርስ እጄን ቀስ አድርጋ የምታነሳው ለምን እንደነበር አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም። ረድፎቹን ሳልጨርስ የምተኛው እንቅልፍ እየጣለኝ ነው ስል ኖሬያለሁ።

የትንሿ እማማ ሐዘኔታ ሌላ ነበር። «ምነው መስመሩን ሁለት እንኳ ብታስደርጊ» አሉኝ። ዋጋው ነው ስላቸው ስንት ብለው ጠየቁኝ፤ 25 ሺህ ስላቸው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። «በሬ ነው» አሉ ኋላ፣ ለራሳቸው። በዛሬ ገበያ በሬ አይገዛም፤ አላረምኳቸውም።

እና ምክር ከሆነ ምክሬ ይህ ነው፤ ቀብድ ከመላካችሁ በፊት አያታችሁን የሚያውቅ አንድ አሮጊት ፈልጋችሁ ቡና አፍሉ። ያ ሥዕል ጌጥ ይሁን መድኃኒት፣ ስለት ይሁን ዘር መለያ፣ ካታሎግ አይነግራችሁም። ዋጋውን ጠቅላላ ብላችሁ አጽፉ፣ ቀብዱ ይቀነስ አይቀነስ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ከሥዕሉ ላይ ደግሞ ብር ለማዳን ብላችሁ አትቁረጡ፤ እኔ ጌጡን ቆርጬ ሕመሙን ነው ያስቀረሁት።

ባለፈው ሳምንት ታቱ ቤቱ ሳያስፈቅደኝ የክንዴን ፎቶ ለጥፎታል። ከሥሩ «የንግሥና ምልክት፣ ከጎንደር ነገሥታት» ይላል፤ ዋጋውም 35 ሺህ ሆኗል። ስልክ ደውዬ ለትንሿ እማማ አነበብኩላቸው። «ነገሥታቱም እንቅርት ነበረባቸው በያቸዋ!» አሉኝ። ይህችኑ ቃል በቃል አስተያየት መስጫው ላይ ጻፍኳት። ሰዓት ሳይሞላት አጠፏት።