ለቀረጻ ስፍራ ፈላጊዎች፦ መጋዘኑን ስቱዲዮ ላደረገው የጎንደር ወንድማችን ምስጋና

ያለፈው ጥር መገባደጃ ላይ፣ የጥምቀት እንግዳ ተሸኝቶ የጎንደር ሆቴሎች ፋታ ባገኙበት ሳምንት፣ አንድ አጭር ፊልም በአራት ቀን ቀርጸን ጨርሰናል። ሥራው በታሰበለት ጊዜና ገንዘብ ያለቀው በእኛ ብልሃት ብቻ አይደለም። ከመሀል ከተማው ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ በኩል፣ ቀድሞ የእህል መጋዘን የነበረና አሁን ለፎቶና ለፊልም ቀረጻ የሚከራይ አዳራሽ አለ፤ ይህን አዳራሽ የሚያስተዳድረው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ባይኖር ኖሮ እስካሁን ድረስ ያላለቀ ፊልም ታቅፈን እንቀመጥ ነበር። ስሙን በአደባባይ እንዳልጠራ ስለ ለመነኝ «ወንድማችን» እያልሁ እቀጥላለሁ።

ጎንደር ላይ ካሜራ ያነሣ ሰው ሁሉ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ፋሲል ግቢ ላይ ነው፤ አይፈረድበትም። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1636 ከተማዋን በቆረቆሩት በዐፄ ፋሲል የተጀመረውና በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ግቢ ሙሽራውንም ጎብኚውንም ሲያሳምር ኖሯል። የእኛ ታሪክ ግን የሚፈጸመው በ1970ዎቹ በአንድ ተራ ቤተሰብ ሳሎን ውስጥ ሲሆን፣ ሳሎኑም አንደኛው ግድግዳው ተነሥቶ ካሜራ የሚገባበት፣ ሚስማር የሚመታበት፣ ቀለሙም በአንድ ሌሊት የሚቀየር መሆን ነበረበት። ይህን በቅርስ ላይ ማሰቡ ራሱ ነውር ነው። መኖሪያ ቤት እንዳንከራይ ደግሞ ቦታው አይበቃም፤ ሙሉ ፍሬም በሆነ (ምስል የሚይዘው ሴንሰሩ 36 በ24 ሚሊሜትር በሆነ) ካሜራና በ85 ሚሊሜትር ሌንስ የቆመን ሰው ከእግሩ እስከ ራሱ በአግድም ምስል ለማስገባት 7 ሜትር ያህል ወደ ኋላ መሸሽ ያስፈልጋል። የትኛው ሳሎን ነው 7 ሜትር የሚያሸሸው?

መጋዘኑ 30 ሜትር ግድም ርዝመት አለው፤ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ መሀሉም ምሰሶ የሌለው ነው። ባለቤቱ፣ ሁላችንም «አባባ» የምንላቸው አዛውንት፣ ከመተማና ከሁመራ በኩል የሚመጣውን ሰሊጥ ሲያከማቹበት ኖረው ንግዱን ሲተዉ ለሌላ ነጋዴ ከማከራየት ይልቅ ወንድማችን ያቀረበላቸውን ሐሳብ ተቀበሉ። ወለሉ በአዲስ ሲሚንቶ ተስተካክሏል፤ አንደኛው ግድግዳ ነጭ፣ ሌላው ጥቁር ተቀብቷል፤ ሦስተኛው የጆንያ ክምር ሲፋተገው የኖረው ግድግዳ ደግሞ ጠባሳው እንዳለ ተትቷል። ከሁሉም ያማረው ይኸው ያልተነካው ግድግዳ ነው። የሐበሻ ቀሚስ የሚሸጡ ሁለት ደንበኞቼን በኋላ ወስጄ ፎቶ ያነሣኋቸው እዚያው ፊት ነው፤ ጥልፉ ከሻካራው ልስን ፊት ሲቆም አንድ በአንድ ይቆጠራል።

ይህን ሁሉ ግን ገንዘብ ያለው ሰው ሊያደርገው ይችላል። እኔን ለዚህ ጽሑፍ ያነሣሣኝ የመጀመሪያው የስልክ ንግግራችን ነው። የኪራዩን ዋጋ ስጠይቀው መልሱን አቆየና «ይዛችሁ የምትመጡትን መብራት ሁሉ ከነዋቱ ጽፋችሁ ላኩልኝ» አለኝ። በሙያው ስቆይ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ አከራይ አልነበረም። ከሁለት ዓመት በፊት በሌላ ከተማ በተከራየነው አዳራሽ፣ ሁለት ትልልቅ መብራት ባበራን ቁጥር ብሬከሩ እየወረደ አንድ ሙሉ ምሽት በጨለማ ተቀምጠን፣ ለምሽቱም ሙሉ ኪራይ ከፍለን ወጥተናል። ሂሳቡ ቀላል ነበር፤ 2,000 ዋት የሆነ መብራት በ220 ቮልት መስመር 9 አምፔር ያህል ስለሚስብ፣ ሁለቱ በአንድ ባለ16 አምፔር ብሬከር ሥር አይዘልቁም። ወንድማችን ዝርዝራችንን ተቀብሎ መብራቶቹን በሦስት መስመር ከፋፍሎ፣ የትኛው ከየትኛው ሶኬት እንደሚሰካ በወረቀት ሥሎ ጠበቀን። በአራቱ ቀን ውስጥ መብራት ኃይል ሁለት ጊዜ ቢጠፋም ከመጋዘኑ ኋላ፣ ከአጥሩ ማዶ በግንብ የተከለለው ጄኔሬተር ይነሣ ስለነበር፣ ድምፁም ወደ ማይክራፎናችን ስለማይደርስ፣ የተቋረጠብን ሥራ ከደቂቃዎች አይበልጥም።

ካሜራ ያዡ ልጅ በመጀመሪያው ቀን በሻተሩ (ካሜራው ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን በሚያስገባበት ጊዜ) ላይ ሲሳሳት ያረመውም እሱ ነው። የእኛ አገር መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ በመጋዘኑ መተላለፊያ ያሉት የቆዩ ፍሎረሰንት አምፖሎች በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባሉ፤ ዓይን ባያየውም ሻተሩ ከዚህ ጋር ካልተስማማ በምስሉ ላይ ጥላ እየተንከባለለ ይታያል። «የሰከንድ 50ኛው ላይ አድርገውና እይ» አለው፤ አደረገው፤ ጠፋ።

ድምፅን በተመለከተ መጋዘን የፊልም ሰሪ ጠላት መሆኑን መደበቅ አይቻልም። ባዶ አዳራሽ ውስጥ አንዴ ብታጨበጭቡ ጭብጨባው ከግድግዳ ግድግዳ እየተመላለሰ ይቆያል፤ የተዋናይ ንግግርም ከጉድጓድ የወጣ ይመስላል። ወንድማችን ለዚህ ያዘጋጀው መላ ገለባ የታጨቀባቸውን ጆንያዎች በእንጨት ፍሬም ላይ ሰፍቶ፣ እንደ ተንቀሳቃሽ ግድግዳ ከተዋንያኑ ጀርባና ጎን ማቆም ነው። ሽታው ትንሽ ገበሬ ገበሬ ይላል፤ ድምፁን ግን በሚገባ ይውጠዋል። ለቆርቆሮው ግን መላ የለውም። በሁለተኛው ቀን ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ እናትየዋን የምትጫወተው ተዋናይ በሹክሹክታ የምትናገረውን ረጅም ንግግር ልንቀርጽ ስንል፣ በሩ አጠገብ ቆሞ የነበረው ወንድማችን ወደ ሰማይ አንጋጦ አምስት ጣቱን አሳየን። የቸኮልን ነበርንና ዳይሬክተሩ ፊቱን አጨማደደ። ወዲያው ደመና ፀሐይዋን ሸፈነ፤ በፀሐይ የተለጠጠው ቆርቆሮም ሲቀዘቅዝ ጧ፣ ጧ እያለ መንጣጣት ጀመረ። አምስት ደቂቃ ቆይቶ ዝም ሲል እጁን አወረደ፤ ያን ንግግር በአንድ ጊዜ ቀረጽነው። አባባም ከኋላ ተቀምጠው ሲያዳምጡ ቆይተው ተዋናይዋን «ልጄ፣ እናቴን አስታወስሽኝ» አሏት።

አንድ ተጨማሪ ነገር ሳልጽፍ ባልፍ ኃላፊነት የጎደለኝ ይሆናል። እህል የሚከማችባቸው መጋዘኖች ነቀዝን ለመከላከል በአልሙኒየም ፎስፋይድ ኪኒን ይታጠናሉ፤ ኪኒኑ የአየሩን እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የተባለ ገዳይ ጋዝ ይለቃል። አሁን እህል እየወጣ እየገባ ያለበትን መጋዘን በርካሽ ተከራይቶ ተዋንያንን ማስገባት ስለዚህ ቀልድ አይደለም። ወንድማችን ሳንጠይቀው፣ አዳራሹ እህል ካየ ምን ያህል ጊዜ እንደሆነው፣ መጨረሻ የታጠነበትን ወርና ከዚያ በኋላ በሮቹ ተከፍተው የከረሙበትን ጊዜ ነግሮናል። ሌላ ቦታ የምትከራዩ ከሆነ ይህን ጥያቄ ከዋጋው በፊት ጠይቁ።

ከሁሉ በላይ ያከበርሁት ግን ገንዘባችንን አልቀበልም ያለበትን ቀን ነው። በሥራው ረክተን ሁለተኛውን ክፍል ሐምሌ ላይ እንቅረጽ ብለን ቀብድ ልንከፍል ስንል «ሐምሌ አትምጡ» አለን። የጎንደር ክረምት በዚያ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ተጠግቶ የተነጋገረ ሰው እንኳ አይደማመጥም። ክረምቱ ቢቀር እንኳ ሌላ ምክንያት ነበረው። ትልልቆቹ መስኮቶች ወደ ሰሜን ስለሚያዩ በጥር ቀኑን ሙሉ ለስላሳ፣ ጥላ የማያከርር ብርሃን ይሰጡናል፤ ጎንደር ግን ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ግድም ቀትር ላይ ፀሐይዋ በሰሜን በኩል ስለምትሆን ሰማዩ በጠራ ቀን በእነዚያው መስኮቶች ቀጥ ብላ ትገባለች። «የሰሜን መስኮት ሁልጊዜ ጥሩ ነው» የሚለውን ከአውሮፓ መማሪያ እየሸመደድን ስንደጋግም ለኖርን ለእኛ ይህ ጥሩ ትምህርት ነበር። ቀጠሯችንን ለጥቅምት አዛውሮ መዘገበልን።

ጉድለቱንም ልናገር። የመልበሻ ክፍል የለም፤ ተዋንያኖቻችን ሸራ በሲባጎ ወጥረን በከለልነው ጥግ ነው የለበሱት። መጸዳጃው ከግቢው ሌላኛው ጫፍ ስለሆነ ሜካፕ የተቀባ ሰው በፀሐይ መሻገር ግድ ይሆንበታል። ትልቁ የላሜራ በር ሲከፈት የሚያሰማው ጩኸትም ሰፈሩን ይቀሰቅሳል፤ ግራሶ ይቀባ ብለናል፣ ይቀባል ተብለናል። ለሁለት ሰው የሚሆን ትንሽ የፎቶ ሥራ ብቻ ያለው ሰው ደግሞ ፒያሳ አካባቢ ያሉት የፎቶ ቤቶች ይበቁታል፤ ለዚያ ብሎ 30 ሜትር መጋዘን መከራየት ገንዘብ መበተን ነው። ግድግዳ ሠርቶ ለሚያፈርስ፣ መኪና አስገብቶ መቅረጽ ለሚፈልግ፣ ወይም እንደ እኛ የድሮ ዘመን ሳሎን ለሚያቆም ግን በከተማችን ከዚህ የተሻለ ቦታ አላየሁም።

ወንድማችንን ማግኘት የምትፈልጉ በግል መልእክት ጻፉልኝና አገናኛችኋለሁ። ከመደወላችሁ በፊት ግን መብራቶቻችሁን ከነዋታቸው ጽፋችሁ ያዙ።