ሪፔክ፦ ለምጣኔ ሀብት ተመራማሪ ሁሉ ክፍት የሆነ ማውጫ
እ.ኤ.አ. በ1997 የተመሠረተው ሪፔክ በበጎ ፈቃደኞች ጥረት የሚንቀሳቀስ የምጣኔ ሀብት ጥናቶች ማውጫ ሲሆን፣ ጥናቶቹን ራሱ ከማከማቸት ይልቅ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ማዕከላዊ ባንኮችና አሳታሚዎች በየራሳቸው ሰርቨር ላይ የሚያስቀምጡትን የርዕስ፣ የደራሲና የአጭር መግለጫ መረጃ እየሰበሰበ ያቀርባል። አይዲያስ በተባለው መፈለጊያው ማንም ሰው ሳይከፍልና ሳይመዘገብ መፈለግ ይችላል። ከሁሉም በላይ የማደንቀው የየጥናቱን ገጽ ነው፤ ከመግለጫው ግርጌ ጥናቱ የጠቀሳቸውና እሱን የጠቀሱት ሥራዎች ስለሚዘረዘሩ፣ ስለ ቡና ዋጋ ከሚያወሳ ጥናት የጀመረ ተማሪ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተሻገረ የምሁራኑን ክርክር ይከታተላል። በመጽሔት የታተመው ቅጂ በክፍያ ብቻ የሚነበብ ቢሆን እንኳ፣ ቀደም ሲል በነጻ የወጣው ረቂቅ ብዙ ጊዜ እዚያው ተያይዞ ይገኛል፤ ይህም አቅም ለሌላቸው ቤተ መጻሕፍት ትልቅ ውለታ ነው። ጉድለቱ፣ አንድ ተቋም የድረ ገጽ አድራሻውን ቀይሮ መረጃውን ሳያድስ ሲቀር ማስፈንጠሪያው መሥራት ማቆሙ ነው።