ለውጭ ገዢ የሚያሻሽጠው ኦንላይን ገበያ ለትንሽ ወርክሾፕ ያዋጣል?

ስሙን አልጠራም፣ ከታዳጊ አገር ሆናችሁ ለዓለም ሽጡ ከሚሉት አንዱ ነው። እኛ አራት ሆነን ቦርሳ እንሰፋለን፣ አንድ ዓመት ሞከርነው። እውነት ለመናገር አካውንት መክፈቱ ቀላል ነው፣ ደላላ የለም፣ በሦስተኛው ሳምንት ስሙን እንኳ በቅጡ መጥራት ከማንችለው ከተማ ኦርደር ሲመጣ በደስታ ልናብድ ነበር።

ጉዱ መላኪያው ላይ ነው። ኤክስፕረስ ላኪዎቹ ሚዛን ብቻ አያዩም፣ የካርቶኑን ርዝመት ወርድና ከፍታ በሴንቲሜትር አባዝተው ለ5000 ያካፍሉና ከሚዛኑ ከበለጠ በሱ ያስከፍላሉ፣ የኛ 40 በ40 በ30 ካርቶን ሚዛን ላይ 3 ኪሎ ነው ሂሳቡ ግን በ9.6 ኪሎ መጣ፣ ትርፋችንን አየር በላው (የምሬን ነው፣ ባዶ አየር ነው የላክነው)። አሁን አጣጥፈን ነው የምንልከው።

በኮንቴይነር ለሚጭን ትልቅ ፋብሪካ ይሄ ምኑም አይደለም፣ ጭራሽ አንዱ ፋብሪካ የኛኑ ዲዛይን ከነኪሱ ኮፒ አርጎ እዛው ገጽ ላይ በግማሽ ዋጋ ለጠፈው፣ ሪፖርት አረግን፣ እስካሁን መልስ የለም።

ከአምስት ኮከብ ሦስት ሰጥቻለሁ፣ ሁለቱን የቀነስኩት ለኮፒው ነው።