ለሲንጀሬ የገጠምኩት ሞተር፦ 8 ወር ከሠራሁበት በኋላ

ሂርማታ ገበያ አካባቢ ትንሽ የልብስ ስፌት ቤት አለችኝ። 11 ዓመት በእግሬ እየረገጥኩ ሰፍቻለሁ። ባለፈው ሰኔ፣ የተማሪ ዩኒፎርም ሥራ ሳይጀምር፣ ለሲንጀሬ ሞተር ገጠምኩላት። ከዚያ ወዲህ ጅማ ያሉ ልብስ ሰፊዎች እየመጡ "እውነት ያዋጣል?" ይሉኛል። መልሴ ያዋጣል ነው፣ ግን ሰው በሚያስበው መንገድ አይደለም።

ዕቃው ቀላል ነው። ከጭብጥ ትንሽ የሚበልጥ ሞተር፣ 100 ዋት የሚል የተጻፈበት፤ በእግር የሚነካ ፔዳል፤ አጭር ቺንጋ፤ ማሰሪያ ብረት ከነብሎኑ። አዲስ ነገርም አይደለም፣ ሲንጀር በኤሌክትሪክ የሚሠራ መኪና ያወጣው በፈረንጆቹ 1889 ነው። ከመግዛታችሁ በፊት መኪናችሁ ላይ፣ በቀኝ በኩል ከመዘውሩ በታች፣ የብሎን ቀዳዳ መኖሩን እዩ። የእኔ አሮጌዋ ጥቁሯ አላት፣ የሌላቸውም አሉ።

ሁሉም የሚጠይቀው ፍጥነቱን ነው። ይፈጥናል፣ አዎ። እኔን የለወጠኝ ግን ከሰዓት በኋላዬ ነው። በፊት ከ9 ሰዓት በኋላ እግሬ ይዝላል፣ አረጋገጤ ይዛባል፣ መዘውሩ ወደ ኋላ ይዞርና ክሩ ይበጠሳል ወይም ከታች ይቋጠራል፣ ከዚያ ምላጭ አንስቼ የሰፋሁትን እፈታለሁ፣ ያ ደግሞ ከመስፋት ይብሳል። ምሽት ላይ ቁርጭምጭሚቴ አብጦ ጫማዬ እምቢ የሚልበት ቀን ነበር። አሁን ከሰዓት የምሰፋው ስፌት ጠዋት ከሰፋሁት አይለይም። በቀን 5 ሱሪ እጨርስ ነበር፣ አሁን 7 ጨርሼ 12 ሰዓት ላይ እዘጋለሁ። በፊት እኮ እስከ ማታ 2 ሰዓት እቆይ ነበር! ትርፉ ከሞተሩ ፍጥነት ሳይሆን መልሶ መፍታት ከመቅረቱ የመጣ ነው ብዬ አምናለሁ።

ለመብራት ወጪውም አትጨነቁ። 100 ዋት 10 ሰዓት ሙሉ ቢዞር 1 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። የ1000 ዋት ካውያ ያንኑ በአንድ ሰዓት ይጨርሰዋል። ይህን ካሰላሁ በኋላ ካውያዬን ለእያንዳንዱ ልብስ ማጋል ትቼ፣ መጀመሪያ ሁሉንም እቆርጣለሁ፣ አንድ ዓይነት ክር የሚፈልገውን አከታትዬ እሰፋለሁ፣ ከዚያ ሁሉንም በአንድ ላይ እተኩሳለሁ። ክር መቀያየሩ ራሱ ምን ያህል ጊዜ ይበላ እንደነበር ያየሁት ያኔ ነው።

ወንበርም ቀየርኩ። የጅማ በርጩማ ለቡና እንዴት ደስ ይላል፣ ለሲንጀር ግን ዝቅ ስለሚል ትከሻ ያስነሳል። ከፍ ያለ ወንበር ያዙ።

አሁን ወደ ችግሩ። አጠገቤ የሚሰፉት ጋሼ ሲያዩኝ "አንቺ ልጅ፣ ይሄ ነገር ጨርቅ ያበላሽብሻል" ብለውኝ ነበር። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ልክ ነበሩ፣ ሁለት አንገትጌ አበላሽቻለሁ። ፔዳሉን ቀስ ብሎ መንካት እስኪለመድ ትርፍራፊ ጨርቅ ላይ ተለማመዱ። እኔ አሁንም ኪስ ማዕዘንና አንገትጌ ላይ ስደርስ እግሬን አንስቼ መዘውሩን በእጄ ነው የማዞረው።

በሦስተኛው ሳምንት ደግሞ ሞተሩ ጋለና የተቃጠለ ሽታ አመጣ። ወደ ገዛሁበት ሱቅ ወሰድኩት፣ "ከተገጠመ አይመለስም" ብለው መለሱኝ። በጣም ተናድጃለሁ። ለካ ቺንጋው ከመጠን በላይ ተወጥሮ ነው፣ መካኒኩ ሲያላላው ዳነ። በጣት ስትጫኑት ትንሽ ገባ ማለት አለበት፣ በጣም ከላላ ደግሞ ይንሸራተታል። ጂንስ የመሰለ ወፍራም ነገር ስትሰፉ በየመሀሉ አሳርፉት።

መብራት ሲጠፋስ? የድሮውን የቆዳ ቺንጋ አልጣልኩትም። ሞተሩን ከሶኬት ነቅዬ፣ ቺንጋ ቀይሬ በእግሬ እቀጥላለሁ። መንቀሉን እንዳትረሱ፣ እግራችሁ ፔዳሉ ላይ እያለ መብራት ቢመጣ መርፌው ጣታችሁ ላይ ነው። ክር ስታስገቡም እንዲሁ። ልጆች ወደ ሱቃችሁ የሚመጡ ከሆነ ፔዳሉን ሶኬት ላይ ሰክታችሁ አትሂዱ።

ልትገዙ ከሆነ ሱቁ ውስጥ ሰክታችሁ ዝም ብላችሁ አዳምጡት፤ የሚንጫጫ ወይም ከፔዳሉ ቀድሞ የሚነሳ ከሆነ ተዉት። ሲገጠም መዘውሩ ወደ እናንተ እንደሚዞር እዩ፣ በተቃራኒው ከዞረ ክር አይይዝም። ከተገጠመ አይመለስም የሚሉ ስላሉ ገንዘቡን ሳትከፍሉ መመለሻውን ተነጋገሩ፣ ቢቻል ደረሰኙ ላይ አስጽፉ። እኔ ለእህቴ መኪና ሁለተኛውን የምገዛው እንደዚያ ነው።