የተቀረጸ ብር ወይስ ፍሬም? ጎንደር ላይ ስጦታ ለምትገዙ

ጥር ሲቃረብ ስልኬ አያርፍም። ሠርጉም ጥምቀቱም የሚገጥመው ያኔ ነው፤ ከውጭ የሚገባው ዘመድም ብዙ ነው። የሁሉም ጥያቄ ግን ያው ነው፦ «ስም የተቀረጸበት የብር ጌጥ ልግዛ ወይስ ቤት ያለውን የአያቶች ዕቃ ፍሬም ላስገባ?»

ፍሬም አስገቡ። ዋናው ምክንያቴ ኪስ ነው።

የአክስቴ ልጅ ለእናቷ የአንገት መስቀል ልትገዛ ፒያሳ ወጣች። ሻጩ 6,000 ብር ጠራ። ተከራክራ 3,200 አስገባችው። ደስ ብሏት ነበር፣ እኔ ግን ዋጋውን ስሰማ ጠረጠርኩ። የብር ጌጥ በግራም ነው የሚተመነው፤ ሻጩም በግራም ነው የሚገዛው። ከእጅ ሥራው ላይ ጥቂት ሊቀንስላችሁ ይችላል እንጂ የብሩን ግማሽ አይመርቅላችሁም። የክርስትና ስም ልታስቀርጽበት ወሰደችው። ቀራጩ «ወለተ» ብሎ ሳይጨርስ ከነጩ ሥር ቢጫ ብቅ አለ። ናስ ነው፣ ላዩ ብቻ ብር የተቀባ። ልትመልስ ስትሄድ «ተቀርጾበታል፣ አልቀበልም» ተባለች። የተቀረጸ ዕቃ አንዱ መዘዙ ይኼ ነው፤ ስም ካረፈበት በኋላ ለሌላ ገዢ አይሆንም።

እንግዲህ የብር ጌጥ እንግዛ ካላችሁ አይቀር ሚዛን ጠይቁ። 925 የሚል ማኅተም ከሺህ እጅ 925ቱ ብር ነው ማለት ነው። ስለዚህ 20 ግራም መስቀል ውስጥ 18.5 ግራም ንጹሕ ብር አለ፤ ዋጋውን ከዚያ ተነሥታችሁ አስሉ፣ የእጅ ዋጋውን ለብቻ ይንገራችሁ። ማኅተሙ ናስ ላይም ሊመታ ስለሚችል ብቻውን አትመኑት። ማግኔትም አያድናችሁም፤ ናስም መዳብም በማግኔት አይሳቡም። የሚያዋጣው ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ከጀርባው፣ ከማንጠልጠያው ሥር፣ በቀራጩ ብረት አንድ ነጥብ ማስነካት ነው። ሻጩ እንቢ ካለ ደህና ዋሉ ብላችሁ ውጡ።

ተረቱም ገንዘብ ይቆጠርበታል። አንዱ ሻጭ «ከማርያ ቴሬዛ ጠገራ የተሠራ፣ የፋሲል ዘመን መስቀል ነው» ብሎኝ ዋጋውን እጥፍ አደረገው። አፄ ፋሲል ያረፉት እ.ኤ.አ. በ1667 ነው፤ ያ ጠገራ መመታት የጀመረው በ1741። ጠገራው ላይ 1780 ተጽፎ ብታዩም አትደንግጡ። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ በዚያ ዓመት ከሞተች በኋላም ያው ቁጥር እየተጻፈበት ሲመታ ኖሯል። በዚያ ላይ ብሩ ከሺህ 833 ነው፣ ከ925ቱ ያነሰ።

ወደ ፍሬሙ ልምጣ። የአያታችሁ ድሪ፣ አልቦ ወይም ፎቶ ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል። የተከፈለበት ድሮ ነው። አሁን የምትከፍሉት ለእንጨት፣ ለመስታወትና ለእጅ ብቻ ነው። መስታወቱ ቢሰበር ሌላ ይቆረጥለታል፤ ቅቡ የለቀቀ ጌጥ ግን እንደገና ካልተቀባ ዋጋ የለውም።

ጣጣ የለውም ግን አልልም። አንድ ፍሬም ቤት የአያቴን አልቦ በሱፐር ግሉ ለጥፎ አስረከበኝ። ለማስለቀቅ ሲሞከር ከጠርዙ ያለችው ቀጭን ጉንጉን ተነቀለች፤ አንጥረኛ ዘንድ ሄዳ ተበየደች፣ ጠባሳዋ ግን ዛሬም ይታያል። ስለዚህ በክር ይሰፋ በሉ። ጀርባው ላይ የጥጥ ጨርቅ ይሁን፤ የአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ከሆነማ ያምራል። ሱፍና ጎማ አታስገቡ፣ ብር ያጠቁራሉ። ፍሬሙ ጌጡ መስታወቱን እንዳይነካ ጥልቀት ይኑረው። የጠቆረውንም በአመድና በሎሚ አትፈትጉት፤ ጥለቱ ተፍቆ ይጠፋል።

ፎቶ ከሆነ ዋናውን ከመስጠታችሁ በፊት ስካን አስደርጉ። ፍሬሙ አነሰ ብሎ ዋናውን ፎቶ በመቀስ የሚከረክም ሠሪ አጋጥሞኛል፤ የአጎቴ ግማሽ ትከሻ የቀረው እዚያ ነው። ዋናው ቤት ይቀመጥ፣ ቅጂው ይሰቀል። የጎንደር ፀሐይ የምትመታው ግድግዳ ላይ ግን ቅጂም ቢሆን ይደበዝዛል።

ተቀባዩ ወደ ውጭ የሚሄድ ከሆነ ብቻ ሐሳቤን እቀይራለሁ። አሮጌ መስቀል በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም፤ ቦሌ ላይ ፍተሻ ውስጥ መከራከር ለማንም አይመችም። መስታወቱም ሻንጣ አይወድም። ለእሱ አዲስ የብር ጌጥ፣ በሚዛን፣ ነጥቧን አስነክታችሁ፣ ከነደረሰኙ ግዙለት።

ለቀራችሁት፣ ፍሬሙን ከታኅሣሥ አጋማሽ በፊት እዘዙ። የጥምቀት ሳምንት ከደረሰ ሠሪው ሥራ ይበዛበታል፣ ዋጋውም ላይ የበዓል ይጨመርበታል።