ሐይቁ ዳር ባለው አዲስ ቤት የመረጣችሁት ዓሳ አይጠበስላችሁም

ይህን የምጽፈው እጄ ገና ዓሳ ዓሳ እየሸተተ ነው። ከተበላሁ ሦስት ሰዓት አልሞላኝም። ባህር ዳር የምትኖሩም፣ ለጥምቀት የመጣችሁም አንብቡልኝ።

የቤቱን ስም አልጠራም። ሐይቁ ዳር በቅርቡ ከተከፈቱት አንዱ ነው። በሩ ላይ «የምግብ ሳምንት፣ 30 በመቶ ቅናሽ» የሚል ባነር ተሰቅሏል። አይነቱን ታውቁታላችሁ። ከዛፍ ዛፍ የተዘረጋ አምፖል፣ ነጭ ሸሚዝ የለበሱ ልጆች፣ የድሮው ዋጋ ላይ ወረቀት የተለጠፈበት ሜኑ። ገና እግራችሁ ሳይገባ «እንኳን ደህና መጡ፣ የራስዎ ቤት ነው» ይሏችኋል።

እናቴ ለጥምቀት ከደብረ ማርቆስ መጥታ እኔ ጋ ናት። ዛሬ ጠዋት አዲሱን የአባይ ድልድይ ላሳያት ይዣት ወጣሁ። ግንቦት 2016 ከተመረቀ ጀምሮ በቴሌቪዥን ባየችው ቁጥር «አንድ ቀን በእግሬ እሄድበታለሁ» ትል ነበር። 380 ሜትሩን ሄዳ፣ መሃል ላይ ቆማ አባይን አይታ፣ በእግሯ ተመለሰች። ባጃጅ እንያዝ ብላት እምቢ አለች። ስንጨርስ ጉልበቷ ዝሎ ነበር። ርቧታልም።

እናቴ ዓሳ አትወድም። ሽታው ይከብደኛል ነው የምትለው። የለመንኳት እኔ ነኝ። «እማ፣ የጣናን ዓሳ ጣናን እያየሽ ስትበይው ሌላ ነው» አልኳት። አሁን ይህን ቃሌን ሳስበው ያንገበግበኛል።

አስተናጋጁ ዓሳ እንድንመርጥ ወሰደን። ከእጅ መታጠቢያው አጠገብ በረዶ የሞላ ትልቅ ሳጥን አለ። ቆሮሶው፣ አምባዛው፣ ነጭ ዓሳው ተደርድሯል። እኔ ባህር ዳር ስኖር 11 ዓመቴ ነው። ዓሳ የምገዛው ጠዋት ጠዋት ከአስጋሪዎቹ ነው፤ ትኩሱን ከቆየው እለያለሁ። አንዷን ቆሮሶ አነሳኋት። ዓይኗ የጠራ ነው። ከጭንቅላቷ ስር ያለውን ክዳን ገለጥ አድርጌ ሳይ ውስጡ ደም መስሏል። በጣቴ ስጫናት ሥጋዋ ወዲያው ተመለሰ። ጅራቷ መሃል ለመሃል ተቀድዶ ለሁለት ተከፍሏል። መረብ ይሆናል የቀደዳት ብዬ ለእናቴ አሳየኋት። ሚዛን ላይ ስትወጣ አንድ ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም። እንዲህ ያለች ቆሮሶ በየቀኑ አትገኝም። ኪሎው 1,200 ብር ነው አለኝ። ቅናሹ አለ ብዬ እሺ አልኩ።

ሃምሳ ደቂቃ ጠበቅን። የመጣው ዓሳ ሳህኑን እንኳ አልሞላም። ዘይቱ ስንት ቀን እንደተጠበሰበት እንጃ፣ ጠቁሯል። «ይቺ አነሰችብኝ» ስለው «ሲጠበስ ውሃው ይወጣል፣ ይቀንሳል» አለኝ። እውነት ነው፣ ይቀንሳል። ስለዚህ ዝም አልኩ። ሥጋው ግን ይፈርሳል እንጂ አይላቀቅም፤ በረዶ ቤት ሰንብቶ የወጣ ዓሳ ነው። በዳጣና በሎሚ ልሸፍነው ሞከርኩ። እናቴ እየቆረሰች በዝግታ ትበላለች። «ጥሩ ነው» አለችኝ። ፊቷ ግን ሌላ ነው የሚለው።

ከዚያ እጄን ልታጠብ ተነሳሁ።

ሳሙናውን እንደያዝኩ ዞር ስል ዓሳዋን አየኋት። በረዶው ላይ፣ ያነሳኋት ቦታ ላይ ተኝታለች። ያው ለሁለት የተከፈለው ጅራቷ ወደ እኔ ዞሯል። መጀመሪያ ዓይኔ ነው ብዬ ጠጋ አልኩ። እሷው ናት። አጠገቤ ትንሽ ልጅ የያዙ ባልና ሚስት ቆመዋል። ሌላ አስተናጋጅ ዓሳዋን በሁለት እጁ አንስቶ «ይቺን ብትወስዱ ይሻላል፣ ዛሬ ጠዋት ነው የወጣችው» ይላቸዋል። ሚዛን ላይ አወጣት። አንድ ኪሎ ከሁለት መቶ። ሰውየው ለሚስቱ ፈገግ አለላት፣ እኔ ለእናቴ ፈገግ እንዳልኩት። ውሃው እጄ ላይ እየፈሰሰ ቆሜ አየሁ። አንድ ቃል አልተናገርኩም። ከሁሉም የሚያቃጥለኝ ይሄ ነው። ብሩ አይደለም። «እንዳትወስዱት» ማለት አቅቶኝ ደርቄ ቀረሁ።

ወደ ጠረጴዛው ተመልሼ ሳህኑን አየሁት። ጅራቱ ደርቆ ቀርቷል። ሙሉ ነው፣ ጭረት እንኳ የለበትም። ሃምሳ ደቂቃ ጠብቄ፣ ግማሽ ሰዓት ፊቴ አስቀምጬ በልቼ፣ ጅራቱን አላየሁም።

አስተናጋጁን ጠርቼ ቀስ ብዬ ነገርኩት። ሲያስገባን «እርስዎ» ሲለኝ የነበረው ልጅ «አንቺ ምን እያልሽ ነው?» አለኝ። እንዲህ በአንድ ጊዜ ወረደ። ኃላፊውን ጥራልኝ አልኩት። ኃላፊው ስልኩን ከጆሮው ሳያነሳ መጣ። ጨርሼ ሳልነግረው «እህቴ፣ ዓሳ ሁሉ አንድ ነው። ከአንድ ሐይቅ ነው የወጣው» አለኝ። ቀጥሎ ሳህኑን በአገጩ እያሳየ «ደግሞ ከበላችሁ በኋላ ነው የምትጠይቁት?» አለ። ይህን ያለው እናቴን እያየ ነው። ነጠላ የለበሰች፣ ዕድሜዋ ከእናቱ የማይተናነስ ሴት ፊት። አስተናጋጆቹ ጥግ ላይ ቆመው ሳቁ።

ሂሳቡ መጣ። ዓሳ 1,440፣ ሰላጣ 250፣ ሁለት ውሃ 80። በዚያ ላይ 10 በመቶ ሰርቪስ፣ በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት። ድምሩ 2,239 ብር። ቅናሹስ? «ቅናሹ ዓሳን አይመለከትም።» ሰላጣውንስ? «ከዓሳ ጋር ስለሆነ አይመለከትም።» ሐይቅ ዳር የተከፈተ ዓሳ ቤት፣ ቅናሹ ዓሳን አይመለከትም! እኔ ሰርቪስና ቫቱን ሳላስብ፣ 30 በመቶውን ቀንሼ የጠበቅኩት 1,239 ብር ነበር። ልዩነቱ ልክ 1,000 ብር።

ደረሰኝ ስጠይቅ ማሽኑ ኔትወርክ የለውም ተባልኩ። በእስክሪብቶ የተጻፈች ብጣሽ ወረቀት ሰጡኝና ቴሌብር የሚገባበት ቁጥር ነገሩኝ። ቁጥሩን ሳስገባ የወጣው የግለሰብ ስም ነው። ቫት ብለው ከእኔ የወሰዱት 292 ብር የት እንደሚገባ እናንተው ገምቱ።

አልከፍልም ልል ነበር። እናቴ ነጠላዬን ጎተተችኝ። «ተይ ልጄ፣ ሰው እያየን ነው» አለች። ከዚያ የመሀረቧን ቋጠሮ መፍታት ጀመረች። እኔ ልክፈል ብላ። ለመመለሻዋ መሳፈሪያ የያዘቻትን ብር። እጇን ይዤ ከለከልኳትና ወዲያው ላኩላቸው። ስንወጣ እነዚያ ባልና ሚስት ልጃቸውን አቅፈው ሐይቁን እያዩ ዓሳቸውን ይጠብቃሉ። አሁንም አልነገርኳቸውም። እናቴን ከዚያ ማውጣት ብቻ ነበር የታየኝ።

ባጃጅ ውስጥ እናቴ «እኔ እኮ ጣፍጦኛል» አለችኝ። ቤት ስንደርስ ምንም ሳትቀምስ ተኛች።

እንግዳ ይዛችሁ ሐይቁ ዳር ለምትሄዱ፦ ዓሳ መርጣችሁ ካስመዘናችሁ ፎቶ አንሱት፣ ከተቻለ ወደ ኩሽና ሲገባ እዩት። ቅናሹ ምን ምን ላይ እንደሆነ ሳትቀመጡ ጠይቁ። ቫት ከፍላችሁ በግለሰብ ቁጥር ገንዘብ አትላኩ። የሸማቾች አዋጅ ቁጥር 813/2006 ስለምንገዛው ነገር ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶናል። ነጋዴው በትህትናና በአክብሮት እንዲያስተናግደን፣ ከስድብና ከማመናጨቅ እንድንጠበቅም ይላል። እኔ ብጣሿን ወረቀትና የቴሌብሩን መልዕክት ይዣለሁ። ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ንግድና ገበያ ልማት እሄዳለሁ። እነዚያ ባልና ሚስት ይህን ካነበባችሁ፣ የተቀደደ ጅራት ያላት ዓሳ የእናንተ አልነበረችም። አብረን እንሂድ።